በቱቦ ውስጥ የሚበቅል ድንጋይ



ሀበሻ ዩሪክ አሲድን የተዋወቀው በሐኪም በኩል ነው። የእግር አውራ ጣት ሳይታሰብ ሌሊት ያብጣል፤ አንሶላ ሲነካው ያስጮኻል፤ ሲነጋ ደም ይመረመርና «ዩሪክ አሲድህ ከፍ ብሏል፤ ክትፎውንም ቢራውንም ቀነስ አድርግ» የሚል ምክር ይመጣል። ሪህ ነው። ዛሬ የሚወራው ግን በሽንት ወጥቶ በሕንፃ ቱቦ ውስጥ ስለሚቀረው ዩሪክ አሲድ ነው። በቶሮንቶው ፓርክዴል ሰፈር ቤዝመንቶች፣ በኩዊን ጎዳና መጠጥ ቤቶች የኋላ ክፍሎች፣ በጄምሰን አቬኑ ፎቆች ግድግዳ ውስጥ ቀንና ሌሊት ይወርዳል፤ የሚወርደው ሁሉ ግን ሐይቅ ዳር አይደርስም።

በእግርም በቱቦም ጣጣው የሚመጣው ይህ ነገር በውሃ ስለማይሟሟ ነው፤ በትክክል ለመናገር፣ እጅግ ጥቂት ስለሚሟሟ። አንድ ሊትር ቀዝቃዛ ንጹሕ ውሃ የሚይዘው 60 ሚሊግራም ገደማ ብቻ ሲሆን፣ ጤነኛ ሰው በቀን ግማሽ ግራም ያህል ያስወጣል። ኬሚስቱ ካርል ቪልሄልም ሼሌ በ1776 መጀመሪያ ያገኘውም ከሰው ጠጠር ውስጥ ነበር (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። አብዛኞቹ አጥቢ እንስሳት ዩሪኬዝ የሚባል ኢንዛይም ስላላቸው ዩሪክ አሲዱን በቀላሉ ወደሚሟሟው አላንቶይን ይለውጡታል። ሰው፣ ቺምፓንዚና ጎሪላ ከሚሊዮኖች ዓመታት በፊት ይህን ኢንዛይም አጥተዋል። ብዙ ባክቴሪያዎች ግን አላጡትም። ባክቴሪያ የተጨመረበት የቱቦ ጽዳት ፈሳሽ በሚሸጥበት ጠርሙስ ላይ የሚነበበው ተስፋ ሁሉ የቆመው በዚህች አንዲት እውነት ላይ ነው፤ እውነቷ ደግሞ ግማሽ ናት።

ሌላኛውን ግማሽ ለማየት ወደ ሰፈሩ መሬት መውረድ ያስፈልጋል። ፓርክዴል በ1879 ራሱን የቻለ መንደር ሆነ፤ በ1889 ወደ ቶሮንቶ ተጠቃለለ። በዚያው ዓመት በምሥራቅ ጫፉ፣ ኩዊን ጎዳና ላይ፣ ግላድስቶን ሆቴል ተከፈተ። ያኔ ሰፈሩ ሐይቅ ዳር መኖር የሚወዱ ባለጠጎች ነበር፤ ትልልቆቹ የጡብ ቤቶች የተሠሩት ለአንድ ቤተሰብና ለአገልጋዮቹ ነው። በ1950ዎቹ የጋርዲነር አውራ ጎዳና መጥቶ ሰፈሩን ከሐይቁ ቆረጠው። ቀድሞ የጀመረው ቤቶችን በየክፍሉ ከፍሎ የማከራየት ሥራ ተስፋፋ፤ በጄምሰን አቬኑ ደግሞ ቪላዎቹ ፈርሰው አፓርትመንቶች ቆሙ። ቲቤታዊውም፣ ፊሊፒናዊውም፣ ሀበሻውም የመጣው ከዚያ ወዲህ ነው። በአንድ ጣሪያ ሥር የሚያድረው ሰው በዛ፤ ግድግዳ ውስጥ ያለው ቱቦ ግን በብዙ ቤት ያው የድሮው ብረት፣ ከቤቱ ወደ መንገድ የሚወጣውም ያው የሸክላ ቱቦ ነው።

በ1996 ደግሞ ኦንታሪዮ አዲስ የሚገጠም ሽንት ቤት በአንድ ጊዜ ከ6 ሊትር በላይ ውሃ እንዳይለቅ ደነገገች። ከዚያ በፊት የነበሩት 13፣ አንዳንዶቹም 20 ሊትር ይለቁ ነበር። ለሐይቁም ለኪስም የበጀ ሕግ ነው። ለአሮጌ ቱቦ ግን አጣቢው ውሃ ከግማሽ በታች ወረደበት ማለት ነው፤ የወንዶች የቁም መሽኛ ከዚያም ያነሰ ነው የሚለቀው። ውሃ ሲያንስ ሽንቱ ይወፍራል፤ በአግድም በተዘረጋ ቱቦ ወለል ላይም ተኝቶ ይቀራል።

ከቆየ መጠጥ ቤት ተቆርጦ የወጣ ባለ አራት ኢንች ቱቦ ያየ ሰው አፉ አራት ኢንች መሆኑን አያምንም። ውስጡ ዙሪያውን ቡናማና ግራጫ ቢጫ ነገር ለብሷል፤ ሽንቱ በሚተኛበት በታች በኩል ወፍራም፣ ከላይ ሳሳ ያለ። ላዩ ለስላሳና አዳላጭ ነው፤ በጥፍር ይላጣል። እሱ ሕያው ባክቴሪያ፣ የቆዳ ቅርፊት፣ ፀጉርና ንፍጥ የተለወሱበት ዝቃጭ ነው። ከሥሩ ያለው ግን ጥፍር አይበግረውም፤ መሮና መዶሻ ይጠይቃል። ሲሰበር ንብርብሩ አንዱ በአንዱ ላይ ተደርቦ ይታያል፣ ሽታውም ዓይን ያስነባል። ያ ሽታ የዩሪክ አሲድ አይደለም። አሞኒያ ነው፤ ስለ ድንጋዩ አመጣጥ የመጀመሪያውን ፍንጭ የሚሰጠውም እሱ ነው።

የቧንቧ ሠራተኛውም ሻጩም ይህን ሁሉ ጠቅልለው ዩሪክ አሲድ ይሉታል። በእርግጥ ዩሪክ አሲድና ጨዎቹ በውስጡ አሉ። አብዛኛው ድንጋይ ግን የሚመጣው ከሌላ ነው። ሰው በቀን ከሚያስወጣው ግማሽ ግራም ዩሪክ አሲድ ጎን ከ20 እስከ 30 ግራም የሚሆን ዩሪያ አለ። ዩሪያን ለኢትዮጵያ ገበሬ ማስተዋወቅ አያስፈልግም፤ በየክረምቱ በከረጢት ገዝቶ ማሳው ላይ የሚበትነው ማዳበሪያ ራሱ ነው። ዩሪያ በውሃ እንደ ልብ ይሟሟል፤ ብቻውን ቢሆን ቱቦን የሚያስቸግር ነገር አልነበረም። የሚያስቸግረው ቱቦው ውስጥ ዩሪኤዝ የተባለ ኢንዛይም ያላቸው ባክቴሪያዎች ሲጠብቁት ነው። ኢንዛይሙ ዩሪያን ወደ አሞኒያና ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይሰብረዋል። አሜሪካዊው ጄምስ ሰምነር ይህንኑ ኢንዛይም በ1926 ጃክ ቢን ከሚባል ጥራጥሬ ዘር ነጥሎ ክሪስታል አደረገው፤ ከዚያ በፊት ኢንዛይምን ክሪስታል ያደረገ አልነበረም፣ ሥራውም በ1946 የኬሚስትሪ ኖቤል አስገኝቶለታል። 

አሞኒያው ሲበዛ ፒኤች 6 ገደማ የነበረው ሽንት ወደ 9 ይወጣል። በዚያ ከፍታ ላይ በሽንቱ ውስጥ ሟሙተው የነበሩት ማግኒዥየም፣ ካልሲየምና ፎስፌት ከውሃው ይለያሉ። ማግኒዥየሙ ከአሞኒያውና ከፎስፌቱ ጋር ስትሩቫይት ይሆናል፤ ካልሲየሙ ከፎስፌቱ ጋር ሆኖ የአጥንትና የጥርስን ማዕድን የሚመስል ድንጋይ ይሠራል። ስትሩቫይት ስሙን ያገኘው በ1845 ሐምቡርግ ውስጥ ለቤተ ክርስቲያን መሠረት ሲቆፈር ከአሮጌ የፍግ ክምር ሥር ከተገኘ በኋላ ነው። የስዊዘርላንዱ የውሃ ምርምር ተቋም ኤዋግ ሽንትን ከሌላው ፍሳሽ ለይቶ ለማሰባሰብ ሲሞክር ቱቦዎቹ እየተደፈኑ አስቸገሩት፤ ካይ ኡደርትና ባልደረቦቹ በ2003 ያሳተሙት ጥናት ከላይ የተባለውን ሂደት ደረጃ በደረጃ አሳየ። ለፓርክዴል የሚጠቅመው የጥናቱ ነጥብ ማጠቢያ ውሃው ራሱ ካልሲየምና ማግኒዥየም ይዞ መምጣቱ ነው። የቶሮንቶ ቧንቧ ውሃ ከኦንታሪዮ ሐይቅ የሚቀዳና መካከለኛ ጥንካሬ ያለው፣ በሊትር 120 ሚሊግራም ገደማ የካልሲየም ካርቦኔት ያህል ማዕድን የተሸከመ ውሃ ነው። እንግዲህ ጥቂት ውሃ ለድንጋዩ መሥሪያውን ያቀብላል፤ ጠርጎ ለመውሰድ ግን ጉልበት አይኖረውም።

በ2018 የኬፕ ታውን ዩኒቨርሲቲው ዲሎን ራንዳልና ተማሪው የነበረችው ሱዛን ላምበርት ይህንኑ ሂደት በፈቃድ አሠርተው ከሰው ሽንት የግንብ ጡብ ሠርተዋል። አሸዋ ውስጥ ዩሪያ ሰባሪ ባክቴሪያ ጨምረው ሽንት አጠጡት፤ አሸዋው በካልሲየም ካርቦኔት ተያያዘ። የባክቴሪያዋ ስም ስፖሮሳርሲና ፓስተሪ ነው፤ ዱሮ በባሲለስ ቤተሰብ ትቆጠር ነበር። ባሲለስ የሚለው ስም ወደ ጽዳቱ ጠርሙስ ስለሚመልሰን ይያዝልን።

ጠርሙሱ ውስጥ ያለው ብዙውን ጊዜ የባሲለስ ዝርያ ነው፤ ባሲለስ ሰብቲሊስ፣ ባሲለስ ሊኬኒፎርሚስና የመሳሰሉት። የሚመረጡበት ምክንያት ቀላል ነው። ምግብ ሲያጡ ወይም ሲደርቁ ስፖር ይሆናሉ፤ ጠንካራ ሽፋን ለብሰው ለወራት፣ ለዓመታት ይተኛሉ። መደርደሪያ ላይ አይሞቱም፤ እርጥበትና ምግብ ሲያገኙ ይነቃሉ። ሲነቁ ፕሮቲን፣ ስታርችና ስብ የሚቆራርጡ ኢንዛይሞችን ወደ ውጭ ይረጫሉ። አንዳንዶቹ ዩሪኬዝ አላቸው። ባሲለስ ፋስቲዲዮሰስ የተባለችው ዝርያ እንዲያውም ከዩሪክ አሲድና ከአላንቶይን ሌላ የሚያስደስታት ምግብ የለም ማለት ይቻላል፤ ሳይንቲስቶች ከ1920ዎቹ ጀምሮ ያውቋታል። ዩሪኬዝ በሕክምናም ገብቷል፦ ራስቡሪኬዝ የተባለው መድኃኒት በካንሰር ሕክምና ወቅት ዩሪክ አሲዳቸው በድንገት ከፍ ለሚልባቸው ሰዎች ይሰጣል፤ ፔግሎቲኬዝ ደግሞ በ2010 በአሜሪካ ለከባድ ሪህ ተፈቅዷል። ሐኪሙም የቱቦ አጽጂውም የሚገዙት አንድ ዓይነት ሥራ ነው፤ የዋጋው ልዩነት ግን ሰማይና ምድር ነው።

እንግዲህ እነዚህ ባክቴሪያዎች ቱቦ ውስጥ ምን ይሠራሉ? ላዩ ላይ ያለውን አዳላጭ ዝቃጭ ይበላሉ። ዝቃጩ ዩሪያ ሰባሪዎቹ የሚኖሩበት፣ ክሪስታሎቹም መጀመሪያ የሚጣበቁበት አልጋ ስለሆነ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ዩሪክ አሲዱንና ጨዎቹን ይቆራርጣሉ። ቦታና ምግብ ይሻማሉ፤ አንዳንዶቹም ለስላሳ አሲድ ያመነጫሉ። እንጀራ የሚጋግር ሰው ይህን ያውቃል፤ ሊጡን ከመበላሸት የሚጠብቀው ቀድሞ የያዘው እርሾ ነው። ስትሩቫይቱንና የካልሲየም ድንጋዩን ግን አይበሉም። ማዕድን ነው፤ በውስጡ ለባክቴሪያ ጉልበት የሚሆን ምግብ የለም። ድንጋዩ የሚሟሟው ፒኤቹ ሲወርድ ብቻ ነው፣ ያ ማለት በአሲድ፤ ወይም በብረት ይፋቃል፤ ወይም በከፍተኛ ግፊት ውሃ ይሰበራል።

«የባክቴሪያው ፈሳሽ ሠርቶልኛል» የሚለውም «ገንዘቤን በላ» የሚለውም እውነት የሚናገሩት ለዚህ ነው። የመጀመሪያው ቱቦው ገና ሳይደነድን ጀምሯል፤ ሁለተኛው ውሃ መውረድ ካቆመ በኋላ። ብዙ ጊዜ ደግሞ ጠርሙሱ ውስጥ ሲትሪክ አሲድ የመሰለ ነገር ስለሚጨመር ምስጋናው ለማን እንደሚገባ እንኳ አይለይም።

አሠራሩን በቅርብ ለማየት የኩዊን ጎዳና መጠጥ ቤት ይበቃል። በኦንታሪዮ መጠጥ መሸጥ የሚያበቃው ሌሊት 8 ሰዓት ላይ ነው። ወንበር ሲገለበጥ አጽጂው ወደ ወንዶች መጸዳጃ ይገባል። የተለመደው ስህተት የሚሠራው እዚህ ላይ ነው፤ መጀመሪያ በረኪና፣ ቀጥሎ የባክቴሪያው ፈሳሽ። በረኪና የተሠራው ባክቴሪያ ለመግደል ነው፤ አዲስ የገባውን ከነባሩ አይለይም። በአግባቡ የሚሠራ ሰው ሳህኑን በለስላሳ ሳሙና ያጥባል፣ ውሃ ይለቅበታል፣ ለብ ባለ ውሃ የተበጠበጠውን ፈሳሽ ጠርሙሱ ላይ በተጻፈው መጠን ያፈስሳል፣ ከዚያ በሩን ዘግቶ ይሄዳል። እስከ ጠዋት ማንም አያፈስበትም። ባክቴሪያ የሚፈልገው ሰዓት ነው፤ ደንበኛ በሞላበት ቅዳሜ ማታ 3 ሰዓት ላይ ማፍሰስ ፈሳሹን ለከተማው ማጣሪያ መለገስ ነው። አሮጌ ድንጋይ ካለ ደግሞ መጀመሪያ ባለሙያ መጥቶ ቱቦውን ይፍቅ፤ ባክቴሪያው ከዚያ በኋላ በየሌሊቱ ይጠብቀው።

አሲድን በተመለከተ ጠንከር ያለ ቃል ያስፈልጋል፤ በቶሮንቶ በጽዳት ሥራ የሚተዳደር ሀበሻ ብዙ ነውና። ሃይድሮክሎሪክም ሆነ ሰልፋሚክ አሲድ ድንጋዩን በደቂቃዎች ያፈላዋል። ብረቱንም ይበላል። በስድሳ ሰባ ዓመት ቱቦ ላይ አንዳንዴ ቀዳዳውን ደፍኖ የያዘው ድንጋዩ ራሱ ነው፤ ሲወልቅ የታችኛው ፎቅ ጣሪያ ይረጥባል። ከሁሉ የሚከፋው ግን አሲድና በረኪና ሲገናኙ የሚወጣው ክሎሪን ጋዝ ነው። በአንደኛው የዓለም ጦርነት፣ በኤፕሪል 1915፣ ጀርመኖች ቤልጂየም ውስጥ ኢፕር ላይ በካናዳ ወታደሮች ላይ የለቀቁት ያው ጋዝ ነበር። ጋዙ ክሎሪን መሆኑን ከለዩት አንዱ በቶሮንቶ ጤና ጥበቃ ቤተ ሙከራ ይሠራ የነበረው ኬሚስት ጆርጅ ናስሚዝ ነው፤ ወታደሮቹ ጭምብል ስላልነበራቸው በሽንት የራሰ ጨርቅ አፍንጫቸው ላይ አድርገው እንደተከላከሉ ይተረካል። መስኮት የሌለው የቤዝመንት መጸዳጃ ከጦር ሜዳ ይልቅ ጠባብ ነው። በረኪና ያረጀ ሽንት ካለበት አሞኒያ ጋር ሲገናኝም ክሎራሚን የተባለ ሌላ መርዝ ይሰጣል። ለኬሚካሉ የማያስብ አሠሪ ቢያንስ ሁለቱን ጠርሙሶች በአንድ ጋሪ ላይ እንዳያስቀምጥ ሊጠየቅ ይገባዋል።

በዚህ በኩል ባክቴሪያዎቹ ብልጫ አላቸው። የካናዳ የጤናና የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤቶች የባሲለስ ሰብቲሊስንና የሊኬኒፎርሚስን ወገን መርምረው በአሁኑ አጠቃቀም ለሰውም ለአካባቢም ጎጂ አይደሉም ብለዋል። ሆኖም የመከላከል አቅሙ የደከመ ሰው ባለበት ቤት ፈሳሹን በመርጫ አየር ላይ ማቡነን ብልህነት አይደለም፤ ማፍሰስ ይበቃል።

ባክቴሪያዎቹ መሥራታቸውን የሚያሳየው ማስረጃ ግን እንደ ቦታው ይለያያል። አምስት የጣሊያን ሆስፒታሎች ወለልና ዕቃቸውን በባሲለስ ስፖር በተዘጋጀ ሳሙና ሲያጸዱ በሆስፒታል ውስጥ የሚያዝ ኢንፌክሽን ከ4.8 በመቶ ወደ 2.3 በመቶ መውረዱን በ2018 የታተመ ጥናት አሳይቷል። በደርባን፣ ደቡብ አፍሪካ፣ የኳዙሉ ናታል ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ደግሞ ጉድጓድ መጸዳጃ ውስጥ የሚጨመሩ የገበያ ባክቴሪያዎችን ሲፈትኑ የሚለካ ለውጥ አላገኙም። ምክንያቱን ማሰብ ከባድ አይደለም። ጉድጓዱ ቀድሞውኑ በቢሊዮን የሚቆጠር ባክቴሪያ የሞላበት ነው፤ አንድ ማንኪያ መጨመር በጎርፍ ላይ ኩባያ ማፍሰስ ይሆናል። አዲስ አበባ ውስጥ «ሽንት ቤትዎ ሳይመጠጥ ዓመታት ይቆያል» የሚል ዱቄት የሚቀርብለት ሰው ይህን የደርባን ውጤት ቢያስታውስ መልካም ነው።

ገንዘብ ያላቸውም ከዚህ ጣጣ አላመለጡም። የቺካጎ ከተማ አዳራሽ ውሃ ለመቆጠብ ሲል ያለ ውሃ የሚሠሩ መሽኛዎችን ገጥሞ በ2010 መልሶ ነቀላቸው፤ ሽታው አስመርሮ፣ ያልተበረዘው ሽንትም የመዳብ ቱቦውን በልቶት። ከዚያ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ፣ ካናዳዊው ሮበርት ተርስክ በዓለም አቀፉ የጠፈር ጣቢያ ላይ በነበረበት በ2009፣ ሽንትን ወደ መጠጥ ውሃ የሚለውጠው መሣሪያ ተደፈነ። መሐንዲሶቹ ዩሪያው እንዳይሰበር ሽንቱን በሰልፈሪክ አሲድ ያክሙት ነበር፤ ስትሩቫይትን አሸነፉ። ነገር ግን ክብደት በሌለበት ቦታ የሰው አጥንት ካልሲየም ይጥላል፤ ካልሲየሙ ከአሲዱ ሰልፌት ጋር ሆኖ ጂፕሰም ሠራ። መፍትሔው በፎስፎሪክ አሲድ መተካት ሆነ። ቱቦ ምን እንደያዘው ሳያውቁ መድኃኒት መምረጥ የናሳን መሐንዲስ ካስቸገረ፣ የፓርክዴል መጠጥ ቤት ባለቤት ቢሳሳት አይፈረድበትም።

ለምግብ ቤት ባለቤቶች አንድ ነገር ለብቻው ይነገር። የመጸዳጃው ቱቦና የወጥ ቤቱ ቱቦ ሕጋቸው አንድ አይደለም። ቅቤና ዘይት የሚወርድበት ቱቦ ላይ ስብ መያዣ ሳጥን እንዲገጠም የከተማው ደንብ ያዛል፤ ስቡ እዚያ ተይዞ በየጊዜው እንዲዛቅ ነው። ቀይ ወጥና ክትፎ የሚያወጣ ወጥ ቤት ሳጥኑን ቶሎ ይሞላዋል፤ ከመዛቅ ለመገላገል ባክቴሪያ ወይም ኢንዛይም ማፍሰስ ያጓጓል። በኦንታሪዮ ብዙ ከተሞች ይህ በግልጽ የተከለከለ ነው። ስቡ ሳይበላ ተበትኖ ያልፍና ራቅ ብሎ፣ ቱቦው ሲቀዘቅዝ፣ በከተማው መስመር ውስጥ ይረጋል። መሽኛው ላይ የሚመሰገነው ጠርሙስ ስብ ሳጥኑ ላይ ቅጣት ሊያመጣ ይችላል።

ተከራዩስ? በ2017 ከ300 በላይ የፓርክዴል ተከራዮች ኪራይ አንከፍልም ብለው ለወራት ሲታገሉ፣ ከኪራይ ጭማሪው ጎን ያነሡት ያልተጠገኑ ቤቶችን ጉዳይ ነበር። በኦንታሪዮ ሕግ ሕንፃውን በደህና የመጠበቅ ግዴታ የአከራዩ ነው፤ ተከራዩ ሲገባ ጉድለቱን አውቆ ቢሆን እንኳ። በዚያው በ2017 ቶሮንቶ ሦስት ፎቅና ከዚያ በላይ፣ አሥር ቤትና ከዚያ በላይ ያላቸውን የኪራይ ሕንፃዎች የሚቆጣጠር ሬንትሴፍቲኦ የተባለ ፕሮግራም ጀምራለች፤ 311 ደውሎ ማመልከት ይቻላል። አንድ መታጠቢያ ቤት ብቻ ቀስ ብሎ ከወረደ የተከራዩ ፀጉርና ሳሙና ሊሆን ይችላል። ከላይ ያለው ጎረቤት ውሃ ሲለቅ ከታች ያለው ሽንት ቤት ከተንቦቀቦቀ ግን ጉዳዩ የጋራው ቱቦ ነው፤ ለዚያ ከራስ ኪስ ጠርሙስ መግዛት የአከራዩን ዕዳ መክፈል ነው።

አዲስ አበባ ላይ ነገሩ በሌላ መልክ ይመጣል። ቃሊቲ በ2018 የተጠናቀቀው ማጣሪያ በቀን 100,000 ሜትር ኩብ ፍሳሽ እንዲቀበል የተሠራ ሲሆን፣ የሚያጣራው በዋናነት በባክቴሪያ ጉልበት ነው። ከመስመሩ ጋር ያልተገናኘው የከተማው ክፍል ግን አሁንም በጉድጓድና በመጣጭ መኪና ይኖራል። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሕንፃ፣ ብዙ ሰው ተጠቅሞ በአንድ ጆግ በሚያፈስበት ቢሮ፣ ከላይ የተባለው ድንጋይ የሚያድግበት ሁኔታ ሁሉ ተሟልቷል፦ የወፈረ ሽንት፣ ጥቂት ውሃ፣ ረጅም ዝምታ። እዚያ የመጀመሪያው መድኃኒት ጠርሙስ ሳይሆን በርሜል ነው፤ ውሃ በመጣ ቀን ሞልቶ ይዞ፣ ሲመሽ በየመሽኛው አንድ አንድ ባልዲ በኃይል መድፋት። ከዚያ ያለፈውን ባክቴሪያ ይረዳል።

ድንጋዩ ራሱ ዋጋ የሌለው ነገር አይደለም። የኤድመንተን ከተማ ጎልድ ባር ማጣሪያ በ2007፣ በብሪቲሽ ኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ በተወለደ ዘዴ፣ ስትሩቫይትን ከፍሳሽ እያወጣ ለማዳበሪያነት ማዘጋጀት ጀመረ። ፎስፌት ከውጭ በዶላር ለምትገዛ አገር ይህ የሚናቅ ወሬ አይደለም፤ ግን ሌላ ምሽት የሚጠይቅ ርእስ ነው።

ነገ ሱቅ ገብቶ ጠርሙስ ለሚያነሣ ሰው የሚቀሩት ጥያቄዎች ጥቂት ናቸው። በውስጡ ያለው የትኛው ዝርያ ነው፣ ስሙ ተጽፏል ወይ? ዩሪያ ሰባሪ አለመሆኑ ተረጋግጧል ወይ? ድንጋይ የሚሠራውን ራሱን ከፍሎ ማስገባትም አለና። የተመረተው መቼ ነው? አሲድ ተቀላቅሎበታል ወይ፣ ከተቀላቀለስ ለብረት ቱቦ ይሆናል ወይ? ሻጩ እነዚህን መመለስ ካልቻለ ለስላሳ ሳሙናና ሙቅ ውሃ ይረክሳል። አሁን ጥያቄ ያላችሁ፣ በተለይ በጽዳትና በቧንቧ ሥራ ላይ ያላችሁ፣ መድረኩ የእናንተ ነው።